ክሊን ሩም (ከአቧራ የጸዳ የማምረቻ ክፍል) ሳይኖር የሰውነት ላብ የሚለካ ሴንሰር መሥራት፦ ለአዳማዋ ተማሪ መልስ

ሰላም እህቴ። «አዳማ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያዬ እንደ ኬሚስቱ ጆሴፍ ዋንግ ሥራ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሰውነት ላብ የሚለካ ሴንሰር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ክሊን ሩም ስለሌለን ከየት ልጀምር?» ብለሽ ነበር። ክሊን ሩም አያስፈልግሽም። ከላብ ግን አትጀምሪ።

የዋንግን ጉዞ እይው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ዶክትሬቱን በ1978 ከእስራኤሉ ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ ከ1980 እስከ 2004 ኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እዚያ ብዙ የደከመው ውሃ ውስጥ ያሉ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን በኤሌክትሮድ በመለካት ነው። ስለዚሁ ዘዴ፣ ስለ ስትሪፒንግ አናሊሲስ (ብረቱን ኤሌክትሮዱ ላይ አከማችቶ፣ መልሶ ሲሟሟ በሚፈሰው ኮረንት መለካት)፣ በ1985 መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2000 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር መርዛማውን ሜርኩሪ የሚተካ የቢስሙዝ ኤሌክትሮድ አስተዋወቀ። በላብ ውስጥ ያለውን ላክቴት (ጡንቻ ሲሠራ የሚመነጭ ውህድ) የሚለካው ተለጣፊ ንቅሳት የመጣው በ2013፣ ሳንዲያጎ ወዳለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ኤሌክትሮዱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው ወደ ቆዳ የሄደው።

ስለዚህ በቢስሙዝ ጀምሪ። ኢንዛይም ስለሌለው መብራት ቢጠፋ የሚበላሽብሽ ነገር የለም። 0.1 ሞላር አሲቴት በፈር (ፒኤችን የሚያረጋ ሶሉሽን) በፒኤች 4.5 አዘጋጂ፤ በሊትር 400 ማይክሮግራም ቢስሙዝ ጨምሪበት። የቢስሙዙን ስቶክ (እየቀነስሽ የምትጠቀሚበትን ወፍራም መነሻ ሶሉሽን) በአሲድ ያዢው፤ አለዚያ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። እያማሰልሽ በ-1.2 ቮልት ለ120 ሰከንድ አከማቺ፣ ማማሰሉን አቁመሽ 10 ሰከንድ ጠብቂ፣ ከዚያ በስኩዌር ዌቭ (ቮልቴጁን በምት በምት በሚቀይር ዘዴ) ወደ ፖዘቲቭ አቅጣጫ ስካን አድርጊ። ካድሚየም -0.8 ቮልት አካባቢ፣ እርሳስ -0.55 አካባቢ ይታያል፤ የቢስሙዙ የራሱ ፒክ (የኮረንቱ ጉብታ) ይከተላል። በየመሃሉ በ+0.3 ቮልት ለ30 ሰከንድ አጽጂው። ብላንኩ (እርሳስም ካድሚየምም ያልተጨመረበት ሶሉሽን) ላይ የእርሳስ ፒክ ካየሽ ጥፋቱ የብርጭቆው ነው፤ 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሪው። የአዋሽን ውሃ ስትለኪ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ኤሌክትሮዱን እየሸፈነ ፒኩን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ በስታንዳርድ አዲሽን (የታወቀ መጠን ያለው ብረት ናሙናው ራሱ ላይ እየጨመሩ በመለካት) እንጂ በንጹህ ሶሉሽን በተሠራ ተራ ካሊብሬሽን ከርቭ አትለኪ። (አካባቢያችን ላይ ሁሉም የሚጠይቀው ፍሎራይድ በዚህ ዘዴ አይለካም፤ ለእሱ የላንታነም ፍሎራይድ አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል።)

ኤሌክትሮዱን ራስሽ ማተም ትችያለሽ። ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች የሚሠሩበት የወንፊት ፍሬም ይበቃል፤ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የካርቦን ኢንክ ለዎርኪንጉ (ለሚለካው) እና ለካውንተሩ (ኮረንቱን ለሚመልሰው) ኤሌክትሮድ፣ የብር/ብር ክሎራይድ ኢንክ ለሬፈረንሱ (ቮልቴጁ ለሚነጻጸርበት)። ኢንኩ ላይ በተጻፈው ሙቀት በደንብ አድርቂው። ሳይደርቅ የቀረ ካርቦን በ5 ሚሊሞላር ፈሪሳያናይድ ስትፈትኚው ፒኮቹ ተራርቀውና ተንጋደው ይወጣሉ። ስታትሚ መስኮት ዝጊ፤ የአዳማ አቧራ እርጥብ ኢንክ ላይ ሲያርፍ ከኤሌክትሮድ ኤሌክትሮድ ልዩነቱ ይበዛል። ፖቴንሺዮስታት (ቮልቴጅ ሰጥቶ ኮረንት የሚለካው መሣሪያ) ወረፋ ከሆነባችሁ፣ በ2011 ዲዛይኑ በነፃ የተለቀቀውን ቺፕስታት ተመልከቺ፤ የዕቃው ወጪ ያኔ ከ80 ዶላር በታች ነበር።

ኤሌክትሮዶችሽ ከተመሳሰሉ በኋላ ግሉኮስ ይቀጥላል። 2.5 ሚሊሞላር ፌሪክ ክሎራይድ፣ 2.5 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፈሪሳያናይድ፣ 0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድና 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለበት ሶሉሽን ከ0 እስከ 0.5 ቮልት በሴኮንድ 20 ሚሊቮልት አንድ ዙር ስካን ስታደርጊ ፕሩሺያን ብሉ፣ ማለትም ኢንዛይሙ ከግሉኮስ የሚያመነጨውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነበው ሰማያዊ ሽፋን፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ይለበስልሻል። በ2 በመቶ አሲቲክ አሲድ የሟሟ 1 በመቶ ካይቶሳን (ኢንዛይሙን የሚይዝ ፖሊመር) ሁለት እጅ፣ በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ግሉኮስ ኦክሲዴዝ (ኢንዛይሙ) አንድ እጅ ቀላቅለሽ 3 ማይክሮሊትር ጠብ አድርጊበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ኢንዛይሙን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ እየቀለጠ እየረጋ ሲመላለስ ይሞታል። የምትለኪው 0 ቮልት አካባቢ ነው፤ የፕሩሺያን ብሉ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በ+0.6 ቢሆን አስኮርቢክና ዩሪክ አሲድ አብረው ይቃጠሉና ንባቡን ያበላሹታል። ፒኤች ከ7 ካለፈ ግን ሰማያዊው ሽፋን ይሟሟል፤ በፈሩ ፖታሲየም ከሌለውም ቶሎ ይዳከማል። የግሉኮስ ስቶክሽን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጂ፤ ኢንዛይሙ የሚያውቀው ቤታ ቅርጹን ብቻ ስለሆነ ትኩስ ሶሉሽን የተሳሳተ ንባብ ይሰጥሻል።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ሬፈረንሱ ላይ ነው። የላብ ክሎራይድ ከ10 እስከ 100 ሚሊሞላር ይለዋወጣል፤ ክሎራይድ በአሥር እጥፍ ሲለወጥ ያልተሸፈነ የብር/ብር ክሎራይድ ሬፈረንስ 59 ሚሊቮልት ያህል ይንሸራተታል፤ አንቺ ግሉኮስ ተለወጠ ትያለሽ። 79.1 ሚሊግራም ፖሊቪኒል ቡቲራል (ፕላስቲክ መሰል ፖሊመር) እና 50 ሚሊግራም ጨው በ1 ሚሊሊትር ሜታኖል አድርገሽ ሸፍኚው። ካሊብሬሽኑንም በቆዳ ሙቀት፣ 32 ዲግሪ አካባቢ አድርጊው፤ የኢንዛይም ፍጥነት በሙቀት ስለሚለወጥ ጠዋትና ቀትር ላይ አንድ ውጤት አታገኚም።

ሰው ሠራሽ ላብ ላይ ከ10 እስከ 200 ማይክሮሞላር ግሉኮስ በአስተማማኝ ሳትለኪ ሰው ላይ አትለጥፊ። የላብ ግሉኮስ ከደሙ አንጻር እጅግ ጥቂት ነው፤ ቆዳ ላይ የቀረ ቅሪትም ንባቡን ያዛባል፤ ከደም ስኳር ጋር ያለው ዝምድናም አከራካሪ ነው። የዋንግ ቡድንም በ2022 ባወጣው ሥራ በማይክሮኒድል (እጅግ ትንንሽ መርፌዎች) ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው የለካው። ሰው ላይ ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን ገና ቢስሙዙ ላይ እያለሽ አስገቢ።