መልስ፦ የደቡብ ዝንጅብል ለምን ቀነሰ?

ሰበታ ላይ የባልትና መደብር ከፍተው የደቡብ ዝንጅብል እንደ ድሮው በብዛት የማይመጣው ለምን እንደሆነ ለጠየቁት ወንድሜ፣ ዋናው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ አካባቢዎች በወረርሽኝ መልክ የተነሣው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታው በተበከለ ዘር፣ በአፈርና በጎርፍ አማካይነት ከማሳ ወደ ማሳ ስለሚዛመት፣ ብዙ ገበሬዎች ዝንጅብሉን ትተው ወደ ሌላ ሰብል ዞረዋል።

ለመደብርዎ ሲገዙ ደረቁን ዝንጅብል ሳይፈጭ ይውሰዱ (ዱቄት ብዙ ነገር ይሸሽጋል)፤ አንዱን ሰብረው ሲያዩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደህና ደርቋል፤ ከተጣጠፈ ግን እርጥበት ስላለው በሚዛን ውኃ ይገዛሉ፣ ከርሞም መጋዘን ውስጥ ይሻግትብዎታል።