ከግሩፓችን ስክሪንሾት ወጣ፤ ማን እንዳወጣው ልፈልግ?

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ግን ሥራዬ ቴሌግራም ሆኗል። ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ ከጓደኞቼ ጋር የከፈትነው የሴቶች ግሩፕ አለን። መጀመሪያ ያው ጨዋታ ነበር፤ መጽሐፍ እንዋዋሳለን፣ አንዷ ሥራ ቦታ አለቃዋ ያላትን ታወራለች፣ ሌላዋ «እኔንም» ትላለች። ሰው ሰውን እየጠራ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ ሴቶች ገቡ። አሁን ወደ አራት መቶ እየተጠጋን ነው። ግሩፑ ዝግ ነው። ፌሚኒስት ነኝ የምትል ሴት ብቻ፣ ያውም አንዲት አባል ዋስ ስትሆናት ነው የምትገባው።

ከወሬም አልፏል። ዕድሜዋ ሳይደርስ ልትዳር የነበረች ተማሪ ጉዳይ መጀመሪያ የተሰማው እኛ ጋ ነው። አስተማሪ የሆነች አባላችን ጻፈች፣ ሌሎቹ የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ድረስ ሄዱ፣ ሰርጉ ቀረ። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ እንኳ አልተበተንም፤ ከተማው ውስጥ ያለነው በየቤታችን ቡና እያፈላን እንገናኝ ነበር።

አሁን የመጣው ግን ሌላ ነው። አንዲት አባላችን ባሏ ደሞዟን እየተቀበለ ለአስቤዛ እየቆነጠረ እንደሚሰጣት ጻፈች። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ስሙንም ጠርታዋለች። ብዙም ሳይቆይ የባሏ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሰበሰቡና ተጠራች። የባሏ ታላቅ ወንድም ስልኩን አወጣና የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ስክሪንሾት ነው። የእኛ አስተያየት ሳይቀር አለበት፤ «ፍቺው» ያለችዋም፣ የሳቀችዋም፣ ልብ ያደረገችላትም። ልጅቷ አሁን እናቷ ቤት ናት። ከግሩፑ ወጥታለች። ስደውልላት ታነሳለች ግን ቶሎ ትዘጋዋለች።

ግሩፑ ታምሷል። የባሏ የአክስት ልጅ የሆነች አባል አለችን፤ «እሷ ናት፣ ፎቶዋን ከነስሟ እንለጥፈው» የሚሉ አሉ። እሷ ደግሞ በማርያም እያለች ትምላለች። ሌሎቹ «ባል የቤት ራስ ነው የሚሉ ሴቶች ስለተቀላቀሉ ነው፣ ጥያቄ አዘጋጅተን እንፈትናቸውና ያላለፈችውን እናስወጣ» ይላሉ። እኔ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ ስድብ አጠፋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ድርጅት ለሥልጠና ብር ሊሰጠን ይፈልጋል፤ ግን የአባላቱን ስምና ስልክ ላኪልን አለኝ።

ግሩፑን ልዝጋው? የባሏን የአክስት ልጅ ላስወጣት? ግራ ገባኝ፣ ይንገሩኝ።

አድሚኗ፣ ከደብረ ብርሃን

*

መልስ

የኔ እህት፣ ስለ ግሩፑ ከማውራታችን በፊት እናቷ ቤት ስላለችው ልጅ እናውራ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሁላችሁም ማን አወጣው የሚለውን ይዛችሁ እሷ ተረስታለች። ስትደውይላት ምን ትያታለሽ? «አይዞሽ» ብቻ ከሆነ ቶሎ ብትዘጋው አልፈርድባትም። ይልቅ እነዚህን ጠይቂያት፦ መታወቂያዋና የጋብቻ ወረቀቷ የት ነው? ደሞዟ የሚገባበት ደብተር በማን እጅ ነው? መቷታል ወይ? ይህቺን የመጨረሻዋን ለብቻዋ ስትሆን ጠይቂያት፤ እናቷ አጠገቧ ካለች አትነግርሽም።

ሽማግሌዎቹ ማስታረቅ ይችላሉ፣ ትዳር ማፍረስ ግን የፍርድ ቤት ነው። የክልላችሁ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስትን በትዳር ውስጥ እኩል ያደርጋቸዋል። በትዳር ላይ እያሉ የሚያገኙት ደሞዝ የጋራቸው ነው፤ እሱ ብቻውን ተቀብሎ ለእሷ የሚቆነጥርበት መብት የለውም። መቷት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስም ያነሳዋል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ተሻሽሎ በ1992 እንዲወጣ ብዙ የደከሙትም እነሱ ናቸው፤ ጉዳዩን ያውቁታል። የተማሪዋን ሰርግ ለማስቀረት ወረዳ ድረስ የሄዱት አባሎችሽ ለዚህችም ይሂዱላታ!

ወደ አውጪዋ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝን ልንገርሽ። ደሞዟን የሚቀበል ባል ስልኳን አይከፍትም ብለሽ ነው? አራት መቶ ሴት አንዲትን ልጅ ከቦ ሲያስምል፣ ጽሑፉ የወጣው ከራሷ ከጸሐፊዋ ስልክ ቢሆንስ? የሚጣራበት መንገድ አለ። ቴሌግራም ላይ በስልክ ስታዪ አንቺ የጻፍሽው በቀኝ በኩል ነው የሚሆነው፣ የሌላው ሰው በግራ። ሽማግሌዎቹ ፊት የወጣውን ፎቶ ያየ ሰው ካለ ጽሑፏ በየት በኩል እንደነበር ጠይቂ። በቀኝ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ የባሏ የአክስት ልጅ በከንቱ ነው ስትምል የከረመችው፣ ግሩፑ ውስጥ ሁሉም እያየ ይቅርታ ልትጠየቅ ይገባታል።

በግራ ቢሆንስ? ያኔም አትፈልጊ እላለሁ። ስልክ እኛ ቤት የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም። ልጅ ይጫወትበታል፣ ወንድም «ላስተካክልልሽ» ብሎ ይወስደዋል፣ ባል ፓተርኑን ያውቀዋል። ቴሌግራም ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዴ ስልክሽን ይዞ የሱ ላፕቶፕ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን ካደረገ፣ አንቺ ስልክሽን ጡትሽ ሥር ከተሽ ብትተኚም እሱ ሱቁ ተቀምጦ ያነበዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስድብ ከምታጠፊ ይቺን ለጥፊላቸው፦ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ቶሎ አስወጡት፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ተጨማሪ የይለፍ ቃል) አብሩ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያያል በሚለው ላይ «ኖባዲ» (ማንም እንዳያይ) አድርጉ። ግን ባሏ የሚቆጣጠራት ሴት በድንገት ስታስወጣው ሊያውቅ ይችላል፤ ለእንደዚህ ዓይነቷ አትቸኩይ፣ መጀመሪያ ለብቻ አናግሪያት። ስንት ሴት ደንግጣ እንደምትጽፍልሽ ታያለሽ።

ፎቶዋን ከነስሟ እንለጥፍ የሚሉትን በፍጹም እሺ እንዳትዪ። የሰው ስም በኦንላይን ማጥፋት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ ቁጥር 958/2008፣ ያስጠይቃል፤ ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግሩፑ የማን ነው ብሎ ነው። ሕጉን ተዪው፣ ነውርም ነው። የባል ቤተሰብ ያደረገባትን እናንተ በሌላዋ ላይ ልትደግሙት ነው እኮ።

አሁን ደስ የማይልሽን ነገር ልናገር። አራት መቶ ሰው ያለበት ቤት ምስጢር የለውም። ዝግ ነው ስላላችሁ ሴቶቹ እንደ ንስሐ አባት ፊት ይጽፋሉ፤ አባላቱ ግን ግማሹ ከግማሹ ጋር አይተዋወቅም። የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ለሁለት ሰው እንደሚከፈተው ሲክሬት ቻት አይደለም፤ መልእክቱ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። መላክና ማስቀመጥ የሚከለክል ማስተካከያ አለው፣ አብሪው፣ ስክሪንሾትም ያስቸግራል። ግን ሌላ ስልክ አምጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ምንም አያደርገውም። አዲስ አባል የድሮውን ወሬ እንዳታይ አድርጊ። መልእክት በሳምንት ወይም በወር ራሱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል፤ እኔ ሳምንቱን እመርጣለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ደንቡ ነው። ከላይ ፒን አድርጊውና በግልጽ ጻፊው፦ እዚህ የምትጽፊው ሊወጣ ይችላል። የባል፣ የአለቃ፣ የመንደር ስም አይጠራም። የራስሽን ጉዳይ ማውራት ከፈለግሽ ለአንዷ አድሚን ላኪ፣ እሷ ስሙንም ቦታውንም አውጥታ ትለጥፍልሻለች። ይሄን ስትጽፊ «ታዲያ ምኑን ግሩፕ ሆነ?» የሚሉ ይመጣሉ። ይምጡ። ሰርጉን ያስቀረው እኮ ምስጢር አይደለም፣ አስተማሪዋ ስለተናገረች ነው። ትልቁ ግሩፕ ለእንደዚህ ያለው ይሁን፦ ለዜና፣ ለሕግ፣ ለሥራ ማስታወቂያ፣ «ደብረ ሲና ጠበቃ የምታውቅ?» ለሚለው። የሆድ ወሬ ደግሞ ለትንሽ ስብስብ ነው፤ ስምንት አሥር ሆነው በአካል ለሚተዋወቁ። ዳታ ሲቋረጥ ቡና እያፈላችሁ ትገናኙ የነበራችሁትን ለምን ተዋችሁት? ሴታዊት የሚባለው የፌሚኒስቶች ንቅናቄም እኮ አዲስ አበባ ላይ በ2006 ሲጀምሩ ጥቂት ሴቶች ተሰብስበው ይወያዩ ነበር። መሐል ሜዳ ያሉት የመሐል ሜዳን ይክፈቱ፣ ሸዋ ሮቢት ያሉት የሸዋ ሮቢትን።

ፈተና ያላችሁት ነገር አሳቀኝ፣ ከዚያ አናደደኝ። ጥያቄውን ማን ሊያወጣ ነው? መልሱን የሚያርመውስ? «ባል የቤት ራስ ነው» የምትለው ሴት ምናልባት የእህቷን ልጅ ከሰርግ አስጥላ ትምህርት ቤት የመለሰች ትሆናለች፤ አማርኛውን እንደናንተ አላሳመረችውም እንጂ። መጽሐፍ ያላነበበችውን፣ የምትጾመውን፣ የምትሰግደውን እያበጠራችሁ ካስወጣችሁ በመጨረሻ የምትቀሩት ድሮ የጀመራችሁት ጓደኛሞች ናችሁ። አባል በእምነቷ አትውጣ፤ በሠራችው ነገር ግን ትውጣ። ከተሳደበች፣ የሌላዋን ጉዳይ ይዛ ከወጣች፣ ተጠቂዋን «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» ካለች፣ አንዴ ይነገራት፣ ሁለተኛ ትሰናበት።

ዋስ ያላችሁትን ወድጄዋለሁ፤ ግን እንዳለ ባዶ ነው። እቁብ ላይ ዋስ የሚጠራው ዕጣ የወጣላት ብትጠፋ የሚከፍል እንዲኖር ነው። የእናንተ ዋስ ምን ትከፍላለች? «አውቃታለሁ» ብላ ሊንክ ልካ ትተኛለች። ይሄን ለውጡት። ሊንኩ በአድሚን ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ዋሷ ከአዲሷ ጋር ደውላም ሆነ ተገናኝታ ደንቡን አብራ ታንብብ። አዲሷ ጥፋት ካጠፋች ዋሷ ለጊዜው ሰው ማስገባት ትከልከል። ያኔ ሰው ሁለቴ ያስባል።

ስለ አንቺ ደግሞ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ምን ያስቀምጥሻል? ከማታው አራት ሰዓት በኋላ መጻፍ ዝጊው። አድሚን ስለሆንሽ የአባላቱን የመጻፍ ፈቃድ አጥፍተሽ ጠዋት መልሰሽ ማብራት ትችያለሽ። ማታ የሚጻፍ ስድብ ጠዋት ላይ ሲታይ ለጸሐፊዋም ያሳፍራታል፤ ብዙዎቹ አይደግሙትም። ቀን ወሬው ሲጋጋል ደግሞ ስሎው ሞድ አለልሽ፤ አንዷ ከጻፈች በኋላ ትንሽ ሳትጠብቅ ደግማ መጻፍ አትችልም። ሌሎች ሦስት ወይም አራት አድሚን ጨምሪ፤ ግን እባክሽ ሁሉንም የዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽን አታድርጊያቸው። አንዷ ከሸዋ ሮቢት፣ አንዷ ከመንዝ፣ በዕድሜ ከፍ ያለች ትኑርበት። በየሳምንቱ ተራ ግቡ፣ ተራሽ ባልሆነበት ሳምንት ግሩፑን ሚውት አድርገሽ ተኚ። አትዝጊው። መዝጋት ካማረሽ ሁለት ወር ተራ ገብተሽ ከተኛሽ በኋላ እናወራለን።

የድርጅቱን ብር በተመለከተ፦ ዝርዝሩን አትስጪ። ስማቸውና ስልካቸው ያንቺ አይደለም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ እንዳይሰጥ ይጠብቃል፤ አዋጁ ባይኖርስ፣ ከዚህ ሰሞን ጉድ በኋላ አራት መቶ ሴት ስሟ ኤክሴል ላይ ተጽፎ ለማታውቀው ሰው ኢሜይል መላኩን ብትሰማ ምን ትልሻለች? ድርጅቱን እንዲህ በይው፦ ማስታወቂያውን ስጡኝ፣ ግሩፑ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ መሠልጠን የምትፈልግ ራሷ ትመዘገባለች። በዚህ ከተስማሙ ጥሩ። «የግድ ዝርዝሩ» ካሉ ብሩ ይቅርባችሁ፤ ለቡናውማ እናንተው ታዋጣላችሁ።