ጌታ ሲሰቀል ፀሐይ የጨለመችው በግርዶሽ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሳይንስ ሲሉት ነፍሱ ነው። በስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «እማዬ፣ ጌታ ሲሰቀል የጨለመው እኮ የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ተቆጥቼም ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ትምህርቱ ከእምነቱ እንዳያወጣብኝ ፈራሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄው አላስፈራኝም። ዝም ማለቱ ግን አሳሰበኝ። ዛሬውኑ ጠርተሽ «ና፣ ያን ነገር እንደገና እናውራው» በዪው።

ልጅሽ ተሳስቷል። መሳሳቱን የሚያሳየው ደግሞ ራሱ የሚወደው ትምህርት ነው።

ማታ መብራት አጥፉና አንድ ጧፍ አብሩ። ጧፉ ፀሐይ ይሁን፣ የልጅሽ ራስ ምድር። ሎሚ ስጪውና ክንዱን ዘርግቶ፣ በቆመበት ቀስ እያለ ይዙር። ሎሚው ጨረቃ ነው። በጧፉና በዓይኑ መካከል ሲገባ ብርሃኑን ይጋርድበታል። የፀሐይ ግርዶሽ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ወደ እሱ የዞረው የሎሚው ፊት ጨለማ ነው፤ ጨረቃ ጠፍታ እንደገና የምትወለድበት ቀን ማለት ነው። አሁን ጀርባውን ለጧፉ ይስጥና ሎሚውን ከራሱ ከፍ ያድርገው። ፊቱ ሁሉ በርቶ ያየዋል። ሙሉ ጨረቃ ይህ ነው። ጧፉ ከኋላ፣ ሎሚው ከፊት። እዚያ ላይ ሎሚው ጧፉን ሊጋርድበት ይችላል? በጭራሽ።

ጌታ የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ነው። የፋሲካው በግ የሚታረደው በወሩ በ14ኛው ቀን እንደሆነ ዘጸአት 12 ላይ ተጽፏል። ወራቸው የሚጀምረው ከጨረቃ መወለድ ጋር ነው። ስለዚህ በ14 ጨረቃ ሙሉ ናት። ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ እሷ በምሥራቅ ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ ከምድር ወዲያ ማዶ፣ ከእግራችን በታች ናት። በዚያ ላይ ወንጌሉ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለመ ይላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ጨረቃ ግን ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሸፍና በአንድ ቦታ የምትቆየው ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው።

አየሽ እኅቴ? የጨረቃን መንገድ የማያውቅ ሰው በዚያ ዓርብ የሆነውን ግማሹን እንኳ አይረዳም። በሐዋርያት ሥራ 17 በጳውሎስ ስብከት ያመነው ዲዮናስዮስ፣ ገና ሳያምን በግብፅ ሳለ ያን ጨለማ አይቶ እንደተደነቀ በአባቶች ይተረካል። ጊዜው የግርዶሽ ጊዜ አለመሆኑን ያውቅ ነበርና። ያልተማረ ቢሆን ኖሮ ደመና መስሎት ያልፍ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንም ሰማይን ስትቆጥር ኖራለች። በእስክንድርያው ድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ባሕረ ሐሳብ ምንድን ነው? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ ዓመት 354። ልዩነቱ 11 ቀን። አበቅቴ፣ ማለትም ይህ ልዩነት በየዓመቱ እየተጠራቀመ የሚሰጠው ቁጥር፣ የሚወጣው ከዚህች 11 ነው። በየ19 ዓመቱ ሁለቱ ሒሳባቸውን አወራርደው ይገናኛሉ። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል የምናውቀው በዚህ ነው። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካለሽ ለዚህ ጉባኤ የተፈጠረ ነው።

ፍርሃታችን በሌላም በኩል ይጎዳናል። «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብለው የሐኪም መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። በጣም አዝናለሁ። ሲራክ 38 ላይ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉንም መጠመቅ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ መዋጥ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ታስታውሻለሽ? በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እዚህ ሙሉ ቀለበት አልሆነም። ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ደበዘዘ። ወይራው ሥር አቀርቅሬ ሳይ፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለፈው ብርሃን መሬቱን በትናንሽ የማጭድ ቅርጾች ሞልቶታል። እያንዳንዷ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ትሥል ነበር። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሜዋለሁ። የዚያን ቀን ግን እንባዬ መጣ። እንዴት እንደሚሆን ማወቄ ደስታዬን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ደግሞም ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ። በግብፅ ሉክሶር ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ ወደ እኛ በከፊል ይታያል። ለልጅሽ የግርዶሽ መነጽር ከአሁኑ ፈልጊለት፤ ያለዚያ በባዶ ዓይን ማየት ዓይን ያጠፋል። እስከዚያው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ነይ። አበቅቴ እንዴት እንደሚወጣ ቁጭ ብለን እንሠራለን።