የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናትሽ «ቤቴ ልሂድ» ሲሉ

«ቤትሽ ይኸው ነው» ብለሽ አትከራከሪያቸው። አመሻሽ ላይ ነጠላቸውን ለብሰው በሩን ሲታገሉ፣ «እሺ እማዬ፣ ልሸኝሽ» በያቸውና አብረሻቸው ውጪ። እየሄዳችሁ ስለዚያ ቤት ጠይቂያቸው። የእኔዋም እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ እንዲሁ ነበረች። ብሎኩን ዞረን ተመልሰን «ደረስን» ስላት፣ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጥ ነበር።

መብራት ገና ሳይመሽ አብሪ፤ ድንግዝግዙ ይረብሻቸዋል። ስልክ ቁጥርሽንም በቀሚሳቸው ውስጥ በኩል ስፊበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግራ መጋባታቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ «ያው የመርሳት በሽታው ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። የእናቴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠብቄ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።