ክረምት ቤት ለሚውል የአራት ዓመት ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ አራት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ከቤት አያስወጣም። ስልኩን ስትቀሚው ያለቅሳል። መጫወቻ ሳትገዢ ቤት ውስጥ እየተጫወተ ምን ሊማር እንደሚችል ነው የጠየቅሽው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ከእነሱ ያየሁትን ልንገርሽ።

በዚህ ዕድሜ ከመጫወቻው ይልቅ ትልቅ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው የሚያጓጓቸው። ስለዚህ ለብቻው ትምህርት አታዘጋጂ፤ ከራስሽ ሥራ ቆንጥረሽ ስጪው።

ቡና ልታፈዪ ነው እንበል። ጥሬውን ሰፌድ ላይ አፍስሺለት፤ ደህናውን፣ ስባሪውንና ጥቁሩን ለየብቻ ይልቀም። መለየትና መመደብ የሒሳብ መጀመሪያ ነው። ፍሬዋን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ማንሳቱ ደግሞ ነገ እርሳስ ለመያዝ ይጠቅመዋል። ከዚያ ረከቦቱን እሱ ያሰናዳ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስኒ። ሴቷ ልጄ እስከ ሃያ በቃሏ ታነበንብ ነበር፤ አራት ስኒ አምጪ ስትባል ግን እጇ የገባውን ይዛ ትመጣለች። «ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የአባዬ፣ ይሄ የአያቴ» እያለች መደርደር ስትጀምር ነው ቁጥሩ የገባት። እየለቀመ ሳለ ግን ከአጠገቡ አትራቂ። ፍሬ ነገር አፍንጫቸውና ጆሯቸው ውስጥ መክተት ይወዳሉ። ከሰሉና የፈላው ጀበና ጋ ደግሞ ጭራሽ አይጠጋ።

እኛ ቤት የተወደደው ግን የጭቃ በርጩማ ነው። ጭቃ መቼም ጅማ አይጠፋም። ቤት አላስገባም ካልሽ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨውና ወደ አንድ ስኒ የሚጠጋ ውሃ አቡኪ። እርድ ጠብ ብታደርጊበት ቢጫ ይሆናል። ጨው ስለበዛበት እንዳይበላው ጠብቂ። ጠፍጠፍ አድርጎ የሚነደው ጫፉ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት እግር ይትከልለት። በሁለት እግር ይወድቃል። በአራት ይቆማል፣ አንዷ ካጠረች ግን ይንገዳገዳል። በሦስት ሲሆን መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም፤ ሦስት ጫፍ ሁልጊዜ መሬት ይነካልና። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ቤትሽ ካለ አስቆጥሪው። «ለምን?» ሲልሽ ቶሎ አትመልሺለት። ወንዱ ልጄ ምክንያቱን አልደረሰበትም፤ ግን እንግድነት በሄድንበት ቤት ሁሉ የወንበር እግር ሊቆጥር ከጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። አሳፍሮኛል፣ ደስም ብሎኛል።

ሌላው ብርቱካን ነው። ከነልጣጩ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል። ልጣችሁ ስትጥሉት ይሰምጣል፤ ልጣጩ አየር የያዘ ስለሆነ ነው። ከመጣሉ በፊት ይገምት፣ ዋናው እሱ ነው። ስትጨርሱ ብርቱካኑን ብሉት፣ የሳፋውን ውሃ ግን ወዲያው ድፊው።

ቡና እንትከል ካለሽ እሺ በይው፣ ግን የቡና ዘር እስኪበቅል ሳምንታት ስለሚፈጅ ይረሳዋል። ጎን ለጎን ባቄላ ወይም ቦሎቄ እርጥብ ጥጥ ላይ በብርጭቆ አስቀምጡ፤ በጥቂት ቀን ሥሩ ብቅ ይላል።

ስለ ፊደል ብዙ አልልም። ትሪ ላይ ዱቄት በትኚና በጣቱ ይጻፍበት። ከሀ ሁ ቀድሞ የስሙን ፊደላት ይወቅ። ቤታችሁ አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገር ከሆነ በሁለቱም አውሩት። ቋንቋ ሲበዛ ልጅ ይደናገራል የሚሉሽን አትስሚ። የጅማ ልጅ ሁለቱንም ሰፈር ሲወጣ ይሰማዋል። ቁቤውንም እዚያው ዱቄት ላይ መጻፍ ይችላል፣ ሌላ ቀን ግን ይሁን።

አንዱም ከሩብ ሰዓት አይለፍ። ሲሰለቸው ተይው፣ አታባብዪው። ስልኩን በተመለከተ፣ ቀምተሽ ከዚያ ሥራ አትፈልጊለት። መጀመሪያ ሳፋውን ወይም ሰፌዱን አቅርቢና ራስሽ ጀምሪ። ብዙ ጊዜ ስልኩን ጥሎ ይመጣል። የማይመጣበት ቀንም አለ።

ታናሽ አለው እንዴ? ካለ ንገሪኝ፤ ጥራጥሬ የማይነካበት ሌላ ጨዋታ እጽፍልሻለሁ።