«ራሴ መርጬ ነው»፦ ስለ ሕፃናትና ስለ ልብስ ምርጫቸው ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ መዋዕለ ሕፃናት ከ20 ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። ልጆች የሚለብሱትን ራሳቸው ይምረጡ ባልኩ ቁጥር ወላጆች ይከቡኛል፤ ግማሹ ይስማማል፣ ግማሹ ይቆጣል። የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ፣ የማውቀውን ያህል ልመልስ።

የ3 ዓመት ልጄ ከፒጃማዋ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ደርባ፣ የክረምት ቦት ጫማ አድርጋ ካልወጣሁ አለች። የሠፈሩ ሰው ሁሉ እያየን ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ እንደለበሰች ይዘሻት ውጪ። ቀሚሱ ስትሽከረከር ይነሳላታል፣ ቦቱ አስፋልት ላይ ይጮህላታል፣ ፒጃማው ገላዋን አይኮሰኩሳትም። እኛ ልብስ የምንመርጠው በዓይናችን ነው፤ ሕፃን ግን በቆዳውና በጆሮው ጭምር ይመርጣል። ማወቅ ከፈለግሽ «ለምን ይህን ለበስሽ?» አትበያት፤ «ለምን» ለልጅ ጆሮ ወቀሳ ነው። «እስቲ ስለ ቀሚስሽ ንገሪኝ» በያትና አዳምጪ። ካዛንቺስ እስክትደርሱ ወሬው አያልቅባትም።

ይሉኝታው የአንቺ እንጂ የእሷ እንዳልሆነም ልብ በይ። ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ዩኒፎርም በማይለበስበት አንድ ዓርብ፣ አንድ ልጅ የአባቱን ከረባት በሹራቡ ላይ አስሮ መጣ። «ማን ነው እንዲህ ያለበሰህ?» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ዓርብ ዓርብ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ እኔ ግን ከረባቱን አልረሳሁትም።

በስንት ዓመት ይጀመራል?

2 ዓመት ሲጠጋ ሁለት ካናቴራ አንስተሽ «የትኛውን?» ማለት ትችያለሽ። በጣቱ ያሳይሻል። ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ብዙ የጻፈው ኤሪክ ኤሪክሰን ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ያለውን ጊዜ ልጅ በራሱ መቆምን የሚማርበት፣ ሁልጊዜ ከተከለከለ ደግሞ እፍረትና ጥርጣሬ የሚያድርበት ብሎታል። «እኔ ራሴ!» እያለ የሚያስቸግርሽ በዚሁ ዕድሜ ነው። ማውለቅ ከመልበስ እንደሚቀድምም አትርሺ። ካልሲውን አውልቆ የሚወረውር ሕፃን እያጠፋ ሳይሆን እየተማረ ነው። አዝራር መቆለፍ ከ3 እስከ 4 ዓመት፣ የጫማ ክር ማሰር ደግሞ 5 እና 6 ዓመት አካባቢ ይመጣል።

ልጄ ጠዋት ሹራብ አልለብስም ይላል። ጉንፋን ይዞት ሊከርም ነው። ይህም ምርጫው ነው?

አይደለም፣ ወንድሜ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሹራብ ይለበስ አይለበስ የሚለውን የምትወስነው አንተ ነህ፤ የትኛው ይለበስ የሚለውን ለእሱ ተውለት። ችግሩ አብዛኞቻችን «ሹራብ ትለብሳለህ?» ብለን እንጠይቅና «አልለብስም» ሲለን እንቆጣለን። ጥያቄ አድርገህ ካቀረብከው መልሱን መቀበል አለብህ፤ የማትቀበል ከሆነ አትጠይቅ። አንድ ነገር ደግሞ ሞክር፦ ከመልበሱ በፊት በረንዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ አንድ ደቂቃ አብራችሁ ቁሙ። ብርዱ ራሱ ይነግረዋል። 4 ሰዓት ላይ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ቢከተው ግን አትቆጣው፤ ሲሮጥ ሞቆት ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። የልጅ ልጄ ለበዓል ነጭ አልለብስም አለች። ይህንንም እሺ እንበል?

እማማ፣ በዓሉስ የሁላችን ነው፤ ነጩ ይለበስ። ነገር ግን በነጩ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ሰፊ ቦታ አለ። ከበዓሉ ቀደም ብለው ሽሮ ሜዳ ይዘዋት ይሂዱ፤ ከዋጋው በስተቀር ሁሉንም ለእሷ ይተዉላት። ጥለቱ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ሰፊ ይሁን ቀጭን፣ ራሷ በጣቷ ዳስሳ ትምረጥ። በ5 ዓመቷ የመረጠችውን ጥለት ስታድግም የምታስታውሰው ይመስለኛል።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ ያስተምሯት። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ እንደሚጣፋ፣ ለሐዘን እንደሚዘቀዘቅ፣ አለባበስ ያለ ቃል እንደሚናገር ከእርስዎ የተሻለ ማን ይነግራታል? ልጆች ምስጢር ያለው ነገር ይወዳሉ። ሳልረሳው፦ «ነጭ አልወድም» የምትለው አንገቷ ላይ ያለው ስፌት እየበላት ሊሆን ይችላል። ከሥር ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ያልብሷትና ይዩ።

የ4 ዓመት ወንድ ልጄ ገበያ ላይ ሮዝ ሹራብ ካልገዛችሁልኝ ብሎ አለቀሰ። አባቱ አልተዋጠለትም።

ይግዛለት። ሮዝ የሴት፣ ሰማያዊ የወንድ የሚለው ክፍፍል ጥንታዊ አይደለም፤ በአሜሪካም ቢሆን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሮዝን ለወንድ ልጅ የሚመክሩ ነበሩ፣ የዛሬው ልማድ የጸናው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። ወደ እኛም ቤት ብንመለስ አባቶቻችን ባለ ጥለት ኩታ ለብሰው አደባባይ ይወጣሉ፤ ጥለቱ ደማቅ ነው ብሎ የሚያፍር አላየሁም። ልጁ የወደደው ቀለሙን ነው።

የምንገዛው ሰልባጅ ነው። ምርጫ ላለው ሰው አይደለም እንዴ ምርጫ?

ይህን ጥያቄ በጣም አከብረዋለሁ። 3 ሱሪና 4 ካናቴራ 12 ዓይነት አለባበስ ይሰጣሉ፤ ለሕፃን ከዚያ በላይ ማቅረብ ራሱን ማደናገር ነው። ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ ያላቸው ልጆች ፊቱ ቆመው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እንዲያውም መርካቶ ሰልባጅ ስትመርጪ እሱንም ውሰጂው። የሚበቃውንና ያልተቀደደውን አንቺ ለይተሽ ሁለት ሦስት አስቀምጪለት፤ ከዚያ ውስጥ እሱ ያንሳ። ለታናሹ ሲተላለፍም «ይህ የአንተ ነው» ብለሽ ከመጣል፣ ታላቁ በእጁ ይስጠው፤ ታናሹም ኪስ ወይም አዝራር ይጨመርበት ብሎ ይምረጥ። አንድ ቀይ አዝራር ልብሱን የራሱ ያደርግለታል።

አይሞላቀቅም?

ወሰን ካለው አይሞላቀቅም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። እንደ ዕድሜው የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙት። የ3 ዓመት ልጅ ካልሲ ይመርጣል፣ ትምህርት ቤት መሄድ አለመሄዱን አይመርጥም።

ጫማውን ግራና ቀኝ ያቀያይራል።

ተለጣፊ ሥዕል ለሁለት ቁረጡና ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ጫማ ውስጥ ለጥፉለት። ሥዕሉ ሲገጥም ጫማውም ገጠመ ማለት ነው።

ታክሲ ውስጥ ሰዎች «ይህች ልጅ እናት የላትም እንዴ?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ያማል፣ አውቀዋለሁ። ልጅሽም እየሰማች ነውና ይቅርታ አትጠይቂ፣ ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ። «ራሷ መርጣ ነው» በያቸው፣ በቃ። ብዙዎቹ ወዲያው ፊታቸው ይለወጥና ወደ ልጅቷ ዞረው «እውነት አንቺ ነሽ የመረጥሽው?» ይሏታል። ያን ጊዜ አንቺ ዝም በይ፤ እሷ ትመልስ።