የመስኮት መስታወት ለምን ቀለማትን አይለያይም?

የፀሐይን ነጭ ብርሃን ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ለመለያየት በመስኮት መስታወት ሞክረህ ቀለማቱ ያልታዩህ ሁለቱ የመስታወቱ ፊቶች ትይዩ ስለሆኑ ነው። ጨረሩ ሲገባ ይታጠፋል፤ ሲወጣ ደግሞ በዚያው ልክ ይቃናል። ቀለማቱም በአንድ አቅጣጫ ተደራርበው ስለሚወጡ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ቀለማቱ እንዲለያዩ ፊቶቹ እንደ ፕሪዝም (ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን አሳላፊ መስታወት) እርስ በርስ ማጋደል አለባቸው።

ፕሪዝም ከሌለህ ውሃ ይበቃል።

1. ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሙላና ትንሽ መልክ ማያ መስታወት ውስጡ አጋድመህ አስደግፍ።
2. ጠዋት ላይ ፀሐይ ውሃ ውስጥ ባለው የመስታወቱ ክፍል ላይ እንድታርፍ አድርግ።
3. ከመስታወቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን እንዲያርፍበት ነጭ ወረቀት ሁለት ሜትር ያህል አርቀህ ያዝ። ውሃ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚያሳየው ቁጥር ለቀይ 1.33፣ ለሐምራዊ 1.34 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ቀለማቱ ለመለያየት ርቀት ይፈልጋሉ።

አደራ፣ መስታወቱን ጎንበስ ብለህ አትመልከት። እኔ አንዴ አይቼው ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጥብ ለደቂቃዎች ቆይቶብኛል። የምታየው ወረቀቱን ብቻ ይሁን።